ስለ አዲሱ ተማሪና ስለ ቁራሹ



በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ሊቃውንት ለድግስ በተሰበሰቡ ጊዜ፣ ማዕዱ ከተነሣ በኋላ የሚነገር አንድ ወግ አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የተማሪነቱን ዘመን ያነሣና ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የዋለበትን፣ ውሻ ባቱን የነከሰውን፣ የሻገተ ቁራሽ በውኃ ነክሮ የበላውን ያወራል። የሚሰማው ሁሉ ይሥቃል፤ ያደንቃልም። በመጨረሻም አንዱ «እንዲያ ተርበን ባንማር ኖሮ ከዚህ ባልደረስንም ነበር፤ የዛሬን ልጆች ምቾት አጠፋቸው» ይላል። ጉባኤውም እውነት ነው ብሎ ይነሣል።

እኔ ይህን ወግ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ራሴም አውርቼው አውቃለሁ። ዛሬ ግን ልቃወመው ተነሥቻለሁ። ወጉ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ ውሻውም ነክሷል፣ ቁራሹም ሻግቷል። ሐሰቱ ከወጉ የሚወጣው ፍርድ ነው። ያስተማሩን የኔታ ናቸው እንጂ ርኃብ አይደለም። ርኃብ ከየኔታ እጅ ሊነጥቀን ሲታገል የኖረ ጠላት ነበረ፤ እኛን ሳይችል ቀረ እንጂ ብዙዎችን ችሏል።

ይህ አገር የተማሪ አገር ነው። ድጓ ሊያስመሰክር የሚሻ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ ይወጣል፤ አቋቋም የሚሻ ደብረ ታቦር ኢየሱስን ይጠይቃል። ሕዝቡ በቀልዳቸው ብቻ የሚያስታውሳቸው የፎገራ ናበጋው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና ያወጡት ዝማሜ፣ በልጃቸው በተክሌ አማካይነት የተስፋፋው በዚሁ በደብረ ታቦር እንደ ሆነ ይነገራል፤ ስሙም እስከ ዛሬ «የተክሌ» ይባላል። (አለቃን ስናነሣ ቀልዳቸውን እንጂ ይህን ሥራቸውን አለማስቀደማችን የራሱ የሆነ ሌላ ክስ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቈየን።) እንግዲህ ከወሎም ከጎጃምም ከትግራይም ልጆች ወደዚህ ምድር ይመጣሉ። ሲመጡ ምን ያገኛሉ? ጥያቄዬ ይህ ነው።

ልጁ በአጥቢያው ፊደል ቈጥሯል፤ ንባቡን ከግእዝ እስከ ውርድ፣ ከውርድ እስከ ቁም ንባብ ተምሯል፤ መቶ ኀምሳውን መዝሙረ ዳዊት ደግሟል። ከዚህ በኋላ ከእናቱ ቤት ካልራቀ ትምህርት እንደማይገባው ሰምቷልና፣ ብዙውን ጊዜ ሳይሰናበት፣ በሌሊት ይነሣል። እድሜው ዐሥር ይሆናል፤ ዐሥራ ሁለት ይሆናል። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን በእግሩ ተጕዞ ከየኔታ እግር ይወድቃል። የኔታም ይቀበሉታል፤ ዋጋ አይጠይቁትም። ይህ በዓለም ፊት ልንኰራበት የሚገባ የቤተ ክርስቲያናችን ክብር ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ምንም እንዳይጠየቅ የተደረገው ልጅ ምንም አይሰጠውም። ከነባር ተማሪዎች ጎጆ ጥግ ይለቀቅለታል፤ አንዱ ታላቅ የትኛው መንደር እንደሚሰጥ፣ የትኛው ቤት ክፉ ውሻ እንዳለው ይነግረዋል። የመጀመሪያው ትምህርቱ ይህ ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ ብርዱን ወደ ጋይንትም ወደ ፋርጣም ይልካል። በዚህ ብርድ የዜማ ተማሪ ሌሊት ተነሥቶ የቃል ትምህርቱን ይቀጽላል፤ ቀን መጽሐፉን ያያል፤ በመካከሉ ደግሞ ሊለምን ይወጣል። ልመናው በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ይወስዳል እንበል፤ ተማሪ በበዛበት አገር መንደሩ ስለሚርቅ ከዚህም ያልፋል። ሦስት ሰዓት በዓመት ከአንድ ሺሕ ሰዓት በላይ ነው። ድጓ ከባድ ነው፣ ዓመታት ይፈጃል ስንል የዓመታቱ ስንት እጅ በድጓው እንደ ሄደ፣ ስንት እጅ በውሻ መካከል እንዳለፈ ማን ለይቶ አወቀ? የቅኔውም ተማሪ እንዲሁ ነው። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚወጣ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ አሳቡን ሰብስቦ ምሥጢር ሊፈልግ ሲገባው፣ የዕለት ቁራሹን ሲፈልግ ይመሻል።

ስለ በሽታም መናገር ግድ ነው። ልብስ በማይታጠብበት፣ ብዙ ሰው ባንድ ጎጆ ተደራርቦ በሚተኛበት ስፍራ በቅማል የሚተላለፈው፣ እየተመላለሰ የሚያገረሸው ትኩሳት ይገባል፤ የተማሪ ጎጆ ደግሞ እንደዚያ ያለ ስፍራ ነው። ትራኮማ የሚባለው የዓይን ማዝ ደቡብ ጎንደርን በብርቱ ካጠቃቸው አገሮች መካከል እንደሚያስቈጥራት ሐኪሞች ያውቃሉ። ይህ በሽታ ፊትን በውኃ በመታጠብ የሚከላከሉት ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ መጽሐፍ ሊያነብ የተነሣ ልጅ ግን ዓይኑን የሚያጣው ውኃና ሳሙና አጥቶ ነው። ይህን ትሕትና ብሎ የሚጠራው ማን ነው?

አንድ ነገር ከራሴ ልንገራችሁ፤ ስሙን የማልጠራው ስፍራ ነው። ከአንድ መንደር ሁለት ሆነን ወጣን። ጓደኛዬ ከእኔ በአንድ ዓመት ያንስ ነበር፤ ድምፁ ግን ከእኔ እጅግ ያምራል፤ የኔታ አንድ ጊዜ ያሉትን ሁለተኛ አያስብልም ነበር። እኔ ሦስት ጊዜ ተነግሮኝ የማልይዘውን እርሱ እየተራመደ ይይዘዋል። ለልመና ግን አልተፈጠረም፤ ደጅ ላይ ቆሞ ድምፁን ማሰማት ያፍር ነበር። ዜማ ሲሆን የማያፍር ልጅ ቁራሽ ሲሆን ቃሉ ይጠፋበታል። እኔ ደፋር ስለ ነበርሁ አኩፋዳዬ ይሞላ ነበር፤ አካፍለዋለሁ፤ ግን ልጅ ነበርሁና ሁልጊዜ አላካፈልሁትም። በሦስተኛው ወር ትኩሳት ያዘው። ከአገራችን የመጡ ነጋዴዎች በበቅሎ ጭነው መለሱት። ዳነ፤ ወደ ትምህርት ግን አልተመለሰም። እኔ ቀረሁ፤ ተማርሁ፤ እነሆ በድግስ ላይ ስለ ውሻና ስለ ቁራሽ አወራለሁ፤ ሰውም ያደንቀኛል። ከሁለታችን የተሻለው ግን በድግሱ ላይ የለም። የተመረጠው በድምፅ አልነበረም፤ በልብም በአእምሮም አልነበረም፤ በልመና ድፍረት ነበረ።

ወገኖቼ፣ ለርኃብ የሚመሰክሩት ሁሉ ከርኃብ ያመለጡ ናቸው። የወደቁት ምስክርነት አይሰጡም። ከወንዝ ማዶ የተሻገረ ሰው «ይህ ሙላት ዋና አስተማረኝ» ቢል እንሰማዋለን፤ ሙላቱ የወሰዳቸው ግን ምን እንደሚሉ አልጠየቅናቸውም። «ርኃብ ጥሪ የሌለውን ያበጥራል» የሚሉ አባቶች ይህን ያስተውሉ። ወንፊት ጥሩ የሚሆነው ፍሬውን አስቀርቶ ገለባውን ሲጥል ነው። ይህ ወንፊት ግን ጥሪን አይመዝንም። የሚመዝነው የአካልን ብርታትና የፊትን ድፍረት ነው። ደካማ ሰውነት ያለው ሊቅ፣ ዓይን አፋር የሆነ ባለ ቅኔ፣ በዚህ ወንፊት አያልፍም።

ሌላው የሚነሣው ነገር የሰጪው በረከት ነው። ተማሪው ካልለመነ ሕዝቡ በረከት ያጣል ይሉናል። ይህን በንቀት አላልፈውም፤ እውነት አለበትና። ልጁ በየደጁ ሲቆም የሰውን ኑሮ ያያል፤ ምን እንደሚያሳዝነው፣ ምን እንደሚያስደስተው ያውቃል፤ ኋላም ካህን ሲሆን የሚያገለግለውን ሕዝብ ያውቀዋል። ከሌላት ላይ ቈርሳ የምትሰጥ መበለትም ዋጋዋ በሰማይ ነው። ግን እስቲ እንጠይቅ፤ የሚሰጠው ማን ነው? የጋይንትና የፋርጣ ገበሬ ነው። እርሱ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ፣ ጎተራው ተራግፎ አዲሱ እህል ሳይደርስ፣ ለልጆቹም ይቸግረዋል። በእነዚያ ወራት ተማሪው ከገበሬው ጋራ አብሮ ይራባል። እኛ የከተማ ሰዎች፣ ደመወዝ የምንቀበል፣ ሱቅ ያለን፣ በሰበካ ጉባኤ ወንበር የምንቀመጥ፣ በረከቱን ሁሉ ለድኻው ገበሬ ትተን «ልመና መልካም ነው» እያልን እናስተምራለን። በረከቱ ይህን ያህል ከጣፈጠን ለምን ድርሻችንን አንወስድም?

ነገሩ የቈየ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ባደረጉበት ዘመን፣ በ1850ዎቹ፣ ከካህናት ጋራ በመሬት ነገር ሲጣሉ፣ ለአንዲት ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ፤ ለእነርሱ የሚሆን መሬት ብቻ ይተውላቸው አሉ። ስለዚህ ነገር ሊቃውንትና ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ አንዱ ንጉሡን ይደግፋል፣ አንዱ ካህናቱን። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ንጉሡ ራሳቸው በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነበሩ፤ አምስት አገልጋይ ሲቈጥሩ ስድስተኛውን፣ አምስቱን ነገ የሚተካውን ልጅ፣ አልቈጠሩትም። በተከራካሪዎቹም በኩል የዚህ ልጅ ስም ጐልቶ ሲነሣ አልሰማሁም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ በታወጀ ጊዜ አድባራቱ ጉልታቸውን አጡ፤ ብዙ መምህርም እንደ ተማሪው ባዶ እጁን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስለ አብነት ትምህርት ቤቶች ድህነት ሲወራ ጥፋቱ ሁሉ በዚያ ዐዋጅ ላይ ይጣላል። ዐዋጁ ጐድቶናል፤ አልክድም። ነገር ግን መሬቱ በእጃችን በነበረበት ዘመንም አዲሱ ተማሪ ሲለምን ነበር። ጉልቱ ለቀዳሹና ለመሪጌታው ተከፈለ፤ ለተማሪው ማዕድ የተመደበ ቢኖር እንኳ እጅግ ጥቂት ነበር። እንግዲህ ደርግ የወሰደብን መሬቱን እንጂ ልማዱን አይደለም፤ ልማዱ የራሳችን ነው።

መጻሕፍት ምን ይላሉ? በሐዋርያት ሥራ ዲያቆናት የተሾሙት በምን ምክንያት ነው? በየዕለቱ እንጀራ ሲታደል መበለቶች ስለ ተዘነጉ ነው። ዲቁና ከማዕድ ነገር ተወለደ። እኛ ግን ልጁን ዲያቆን አድርገን ከሾምነው በኋላ እርሱን ራሱን ከማዕድ እንዘነጋዋለን። በነገሥት መጽሐፍም ኤልሳዕ በአገር ላይ ርኃብ በነበረበት ዘመን የነቢያት ልጆች በፊቱ ተቀምጠው ሳሉ ለደቀ መዛሙርቱ ታላቁ ምንቸት እንዲጣድ አዘዘ። ርኃብ ያስተምራችኋል አላለም። ከእነርሱም አንዱ ቅጠል ሊለቅም ወጥቶ መርዛም ፍሬ ሳያውቅ አመጣ፤ ያለ ማዕድ የተተወ ተማሪ ያገኘውን እንደሚለቅም መጽሐፉ ያሳየናል።

የሌላውም ዓለም ይህን አውቆታል። በፓሪስ ዝናው የተሰማው ሶርቦን በ1257 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ሲመሠረት፣ ነገረ መለኮት ለሚማሩ ድኾች መኖሪያ ሆኖ ነው የተጀመረው። ካይሮ ባለው በአል አዝሃር ደግሞ ተማሪዎች በየአገራቸው ረዋቅ እያላቸው ከወቅፍ የሚወጣ የእንጀራ ድርጎ ይቀበሉ ነበር። ከእኛ ምድርና ከአካባቢዋ ለሄዱ እስላሞችም የጀበርቲዎች ረዋቅ የሚባል ነበራቸው፤ የታወቀው ታሪክ ጸሐፊ የዐብዱራሕማን አልጀበርቲ አባቶች የዚህ ረዋቅ አለቆች ነበሩ። ከዚህ ተራራ ወርዶ ካይሮ የደረሰ የእስላም ልጅ እንጀራ ሲቈረጥለት፣ ከዚያው ተራራ ጋይንት የደረሰ የክርስቲያን ልጅ በውሻ ይባረር ነበር ማለት ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ለማሳፈርም ብዬ እጽፈዋለሁ።

ከቶ ሩቅ መሄድስ ለምን ያስፈልጋል? በአዲስ አበባ በ1935 ዓ.ም. የተጀመረው የቅድስት ሥላሴ ትምህርት ቤት፣ ኋላ መንፈሳዊ ኮሌጅ የሆነው፣ ደቀ መዛሙርቱን በአዳሪነት አልጋና ማዕድ ሰጥቶ አስተምሯል። ከዚያ የወጡትን መምህራንና ጳጳሳት «በልተው ስለ ተማሩ ጥሪያቸው ደካማ ነው» ሲል የሰማሁት ሰው የለም። ታዲያ የነገረ መለኮት ተማሪ በጥጋብ ሊማር ከቻለ የድጓ ተማሪ ለምን በርኃብ ብቻ ይማር? ድጓው ከነገረ መለኮቱ ያነሰ ነውን? ወይስ የአንዱ ተማሪ ከተማ፣ የሌላው ገጠር ስለ ሆነ ነው?

ርዳታ የለም አልልም። ማኅበረ ቅዱሳንን የመሰሉ ማኅበራት አብነት ትምህርት ቤቶችን ይረዳሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ከሩቅ የሚመጣ ርዳታ የቅርቡን ሰው ግዴታ አያስቀርም።

ለመሆኑ ቁራሽ ጎተራ የለውም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንትን አልፎ ወደ ጉና ሲቃረብ፣ ነፋስ መውጫ በሌላ ኃይል እጅ በነበረችበት ሳምንት፣ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ስትመታ፣ ገበሬው ቤቱን ጥሎ ሸሸ። ደጁ ባዶ ሲሆን የተማሪው ማዕድ በዚያው ቀን ባዶ ይሆናል፤ ለነገ የተቀመጠ የለምና። ያ ሳምንት የቡሄ ሳምንት ነበረ።

ቡሄን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ነሐሴ 13 ቀን የከተማችን ስም የተጠራበት በዓል ነው፤ ጌታችን ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ይዞ ወደ ታቦር የወጣበት። ስለዚህ የአብነት ተማሪዎች በዓላቸው አድርገውታል፤ አስቀድመው ከመንደሩ እህል ለምነው ጠላ ጠምቀው፣ ዳቦ ጋግረው ከየኔታ ጋራ ይውላሉ። የመንደሩም ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ በየቤቱ ሲዞሩ ሙልሙል ዳቦ ይሰጣቸዋል። በዚያች ዕለት ከደብረ ታቦር ቤት ሙልሙል የማይወጣበት ቤት ጥቂት ነው። እንግዲህ መስጠቱን እናውቅበታለን። የጐደለው በማግሥቱ ያለው ነው።

የምለውም ከባድ አይደለም። አንድ ልጅ በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ቢበላ በዓመት 180 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሁለት ኩንታል አይሞላም። ለአንድ ተዝካር በአንድ ቀን የሚፈስሰው እህል ይህን ስንት ጊዜ ያጥፈዋል? በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዐዋዲ የተቋቋመ ሰበካ ጉባኤ በየአጥቢያው አለን፤ ሒሳብ ያዥም አለን። እያንዳንዱ የከተማ አጥቢያ በየዓመቱ ለሦስት ወይም ለአራት አዲስ ተማሪዎች ብቻ የአንድ ዓመት እህል፣ አንድ ጋቢ፣ ሳሙና ይቍረጥ። እህሉ በየኔታና በሁለት ሽማግሌዎች እጅ ከጉባኤው አጠገብ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ይሁን። ከዚያ በኋላ አገሩን የለመደ፣ ቋንቋውን ያወቀ፣ የበረታ ተማሪ ልለምን ቢል ይለምን፤ ወድዶ የሚለምንና ተገድዶ የሚለምን ልጅ አንድ አይደሉም። የገበሬዋም ቁራሽ በረከቱ አይቀርባትም።

«ጥቂት ብንመግብ ብዙ ይመጣሉ፤ ከዚያስ?» ብሎ የሚፈራ አለ። ድጓ የሚማር ልጅ በዛብን ብለን የምንጨነቅበት ዘመን ከደረስን ያን ጊዜ ሌላ ጽሑፍ እጽፋለሁ። ዛሬ የማየው በከተማችን ልጆች ከዳዊት አልፈው ወደ ዜማ ቤት የሚሄዱት እያነሱ መምጣታቸውን ነው፤ አባቶቻቸውም «ልጄን ለውሻ አልሰጥም» ይሉኛል፤ መልስ የለኝም።

የኔታዎች ሆይ፣ እናንተንም አንድ ነገር እለምናለሁ። በዚህ ዓመት የተቀበላችኋቸውን አዲስ ተማሪዎች ቍጥር ጽፋችሁ ለሰበካ ጉባኤያችሁ ላኩ፤ ከየት እንደ መጡ፣ እድሜያቸው ስንት እንደ ሆነ ይጻፍ። ከአጠገቡም ሌላ መስመር ይኑር፤ ሳይጨርሱ የተመለሱት ስንት እንደ ሆኑ፣ በስንተኛው ወር እንደ ተመለሱ፣ ምን ይዟቸው እንደ ነበር ይጻፍበት።